«ሄረም-ስኬረም»፦ የቀዥቃዣውን ልጅ ቃል በቦታው መጠቀም

አንድ ቀን አንዲት ጎረቤቴ ወረቀት ይዘው መጡ። እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። ወረቀቱ ከልጁ ትምህርት ቤት የመጣ ነው። የክፍሉ መምህርት በዕድሜ ጠና ያሉ እንግሊዛዊት ናቸው። በዓመቱ መጨረሻ ስለ እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ሦስት መስመር በእጃቸው ይጽፋሉ።

«እስቲ አንብብልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። ልጁ ደግ ነው፣ ለጓደኞቹ ያዝናል ይላል። ቀጥሎ «ኧ ሄረም-ስኬረም ቦይ» የሚል አለ። እትዬ ክው አሉ።

«ሐራም ነው ያለችው?»

ጂዳ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ሐራም የሚለውን ቃል እዚያ እንዴት እንደሚባል ያውቁታል። «አይ እትዬ፣ ሐራም አይደለም» አልኳቸው። «ግድ የለሽ ማለት ነው።»

እትዬ ዝም አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ያን ማታ ልጁ እራቱን በእንባ ነው የበላው። በማግስቱ ጥፋቱ የኔ መሆኑ ገባኝ። መምህርቷ የጻፉት ቃል የፍቅር ቃል ነበር። እኔ ደግሞ የክስ ቃል አድርጌ አቀበልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ይህን ቃልና ዘመዶቹን በደንብ አጠናኋቸው። ለሚተረጉም፣ እንግሊዝኛ ለሚማር፣ ልጁን በእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ለሚያስተምር ሰው ይጠቅማል ብዬ ሂደቱን ደረጃ በደረጃ አስቀምጬዋለሁ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ በአፍ ያዙት

ቃሉ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው «ሄረም» ነው፤ ሁለተኛው «ስኬረም»። ሲጻፍ ኤች፣ ኤ፣ አር፣ ዩ፣ ኤም ይልና ሰረዝ ይከተላል። ከዚያ ኤስ፣ ሲ፣ ኤ፣ አር፣ ዩ፣ ኤም። ሰረዙን አትርሱት። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ቃል የሚሆኑት በሱ ነው።

እኛን የሚያሳስቱን ሦስት ቦታዎች ናቸው። «ዩ» የምትለዋ ፊደል ስላለች ብዙ ሰው «ሀሩም-ስካሩም» ብሎ ያነበዋል። ፊደሏ ግን እዚህ ቦታ «ኡ» አትባልም። «ረጅም» ስንል መጀመሪያ ላይ ያለችው «ረ» ናት ለድምፁ የምትቀርበው። ሁለተኛ፣ «ስክ» የሚለው ጥምር ድምፅ ይከብደናል። «እስኬረም» እንላለን፣ «እስፖርት» እንደምንለው። ያችን «እ» ዋጧት። ሦስተኛ፣ ጉልበቱ ያለው «ስኬ» ላይ ነው። ሄረም ብላችሁ ቀለል አድርጉትና ስኬ ላይ ጫን በሉ።

ሃያ ጊዜ ያህል ጮክ ብላችሁ በሉት። ምት አለው። የኛ «እንቶ ፈንቶ» እና «አገም ጠቀም» እንዳላቸው ዓይነት ምት። ሁለቱ ክፍሎች ቤት ይመታሉ። ይህ የጆሮ ነገር ብቻ አይደለም፣ ትርጉሙም እዚያው ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ እንዲህ ቤት የሚመቱ ጥንዶች ብዙ አሉት። ሄልተር-ስኬልተር ለትርምስ ሩጫ ነው። ሂግልዲ-ፒግልዲ ለተዘበራረቀ ነገር ነው። ዊሊ-ኒሊ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚባለው በዘፈቀደ ለተደረገ ነገር ነው። እነዚህ ጥንዶች ሲባሉ ከጀርባቸው ፈገግታ አለ። እንግሊዛዊ ሰው አምርሮ ሲቆጣ ቤት በሚመታ ቃል አይቆጣም። እኛም በጣም የተናደድንበትን ነገር እንቶ ፈንቶ አንለውም።

ደረጃ 2፦ ሥሩን እወቁ፣ ግን ብዙ አትቆዩበት

ቃሉ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል። «ስኬር» ማስፈራት፣ ማስደንበር ነው። «ሄር» ላይ ሁለት ሐሳብ አለ። አንዱ ማዋከብ፣ ማሳደድ ማለት የሆነ የድሮ ግስ ነው ይላል። ሌላው የዱር ጥንቸሏን ይጠቁማል፤ የእንግሊዝኛ ስሟ በድምፅ አንድ ነውና። «ኧም» የሚለው መጨረሻ «እነሱን» ማለት የሆነ ያጠረ ቃል ሊሆን ይችላል። ላቲን ለመምሰል የተጨመረ ሊሆንም ይችላል። «ሀሩም» በላቲን በእርግጥ ያለ ቃል ነው፤ ለሴት ብዙ ቁጥር «የእነዚህ» ማለት ነው። የድሮ የእንግሊዝ ተማሪዎች በቃላቸው ከሚደግሙት የላቲን እርባታ አንዱ ነበር።

ጥንቸሏን ያዙልኝ። እንግሊዞች «እንደ መጋቢት ጥንቸል ያበደ» የሚል አባባል አላቸው። በፈረንጆች ማርች ወር የዱር ጥንቸሎች የመራቢያ ጊዜ ስለሆነ ሜዳ ላይ ይዘላሉ፣ ይባረራሉ፣ በኋላ እግራቸው ቆመው በፊት እግራቸው ይቧቀሳሉ። ብዙ ጊዜ የምትመታው ሴቷ ናት፤ ያልፈለገችውን ወንድ እያባረረች ነው። ቃሉን ስትሰሙ ይህን ሜዳ አስቡት። ግርግር አለ፣ ሩጫ አለ፣ የሚጎዳ ግን የለም።

ከዐረብኛው ሐራም ጋር ዝምድና የለውም። ሐራም ክልክል ማለት ነው። «ሀረም» ከሚባለው የሴቶች እልፍኝም ጋር ዝምድና የለውም፤ እሱ ራሱ ከዐረብኛው የመጣ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኖሮ ለተመለሰ ሰው ይህን አስቀድሞ መንገር ከብዙ ድንጋጤ ያድናል።

ደረጃ 3፦ ትርጉሙን በሦስት ከፍላችሁ ተመልከቱ

መዝገበ ቃላት ብትከፍቱ «ሬክለስ» የሚል ፍቺ ታገኛላችሁ። እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ነው። ሬክለስን ግድ የለሽ ብዬ አውቀዋለሁና ያንኑ ለእትዬ አቀበልኩ። የመዝገበ ቃላት አንድ ቃል ፍቺ አቅጣጫ ያሳያል እንጂ ክብደት አይነግርም።

በሄረም-ስኬረም ውስጥ ሦስት ነገሮች አብረው ተጠቅልለዋል። አንደኛው ጥድፊያ ነው። ሁለተኛው ሳያስቡ መግባት ነው። ሦስተኛው ክፋት አለመኖሩ ነው። ሦስቱም ከሌሉ ቃሉ የለም።

ልጁን ላሳያችሁ። ዳቦ ግዛ ተብሎ ይላካል። ገንዘቡን ሳይቀበል በሩን በርግዶ ይሮጣል። አያቱ ከኋላ ይጣራሉ። ይመለሳል፣ ገንዘቡን ይነጥቃል፣ ይወጣል። አንዱ ጫማው አልታሰረም። ዳቦ ቤት ሲደርስ ስንት ዳቦ እንደተባለ ጠፍቶበታል። ስለዚህ በያዘው ገንዘብ ሙሉ ይገዛል። ሲመለስ የጎረቤት ድመት አይቶ ይቆማል፣ ፌስታሉን መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ ድመቷን ይከተላል። ፌስታሉ እዚያው ይቀራል። ትዝ ሲለው እየጮኸ ወደ ኋላ ይሮጣል። ቤት ሲገባ ላብ በላብ ሆኖ፣ ዳቦውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ «አመጣሁ!» ይላል።

አሁን የአማርኛ ቃላትን አንድ በአንድ ለኩበት።

ግድ የለሽ? አይደለም። ይህ ልጅ ግድ አለው። አንድ ቀን የአበባ ማሰሮዬን በኳስ ሰብሮብኝ ማልቀስ የጀመረው እኔ ሳላየው ነው።

ባለጌ ወይም ዋልጌ? በፍጹም። እነዚህ የምግባር ስድቦች ናቸው።

ደፋር? ደፋር አደጋውን አይቶ ይገባል። ይህ ልጅ አደጋውን አያይም፤ እግሩ ከዓይኑ ይቀድማል።

ችኩል? ቀረብን። ግን ችኩል የሚነግረን ስለ ፍጥነቱ ብቻ ነው። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ስንል የምንመክረው ሰው ዓላማ አለው፣ ቸኩሎ ሳተው እንጂ። የኛ ልጅ ዓላማው ራሱ መንገድ ላይ ይጠፋበታል።

ቅብጥብጥ? ይህም ቅርብ ነው፤ ግን ወንበር ላይ አርፎ የማይቀመጥን ልጅ ነው ይበልጥ የሚገልጸው። ቅብዝብዝ ደግሞ መንፈሱ አልረጋ ብሎ እዚህም እዚያም የሚል ሰው ነው፤ ሐዘን ቢጤ አለበት።

ቀዥቃዣ! እዚህ ጋ ቆምኩ። ቀዥቃዣ ውስጥ ጥድፊያው አለ፣ አለማሰቡ አለ፣ እጅና እግሩ መደነባበሩም አለ። አያት ስለ ልጅ ልጇ «ኧረ ይሄ ቀዥቃዣ!» ስትል ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ይሰማል። ለልጅ ሲሆን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ለትልቅ ሰው ግን ተጠንቀቁ። አማርኛው ለልጅ ይለሰልሳል፣ ለአዋቂ ይከራል። ባለትዳር ሰውን ቀዥቃዣ ካላችሁት ሰድባችሁታል። እንግሊዝኛው ለአዋቂም ቢሆን እንደዚያ አይከርርም። ስለዚህ አዋቂ ሲሆን «ቀዥቀዥ ይላል» ማለት ይሻላል። «ትንሽ ቀልቡን አይሰበስብም» ብትሉም ያስኬዳል። ነገሩ ሰው ሳይሆን ዕቅድ ወይም ጉዞ ከሆነ ደግሞ ቀዥቃዣ አይሠራም። ያን ጊዜ «የዘፈቀደ»፣ «ዝብርቅርቅ ያለ»፣ «ሳይታሰብበት የተገባበት» ይሻላል።

ደረጃ 4፦ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ቦታውን ስጡት

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ቃሉ ቅጽል ነው። እንደኛው ቅጽል ከስሙ በፊት ይመጣል፦ «ኧ ሄረም-ስኬረም ቦይ»፣ ቀዥቃዣ ልጅ። «ሂዝ ሄረም-ስኬረም ዌይስ» ደግሞ ቀዥቃዣ አመሉ ማለት ነው። ከስሙ በኋላ መጥቶ «ሺ ኢዝ ራዘር ሄረም-ስኬረም» ማለትም ይቻላል፤ እሷ ቀዥቀዥ ትላለች እንደ ማለት። ያችን «ራዘር» ልብ በሉ። እንግሊዞች በዚህ ቃል ፊት ማለስለሻ መጨመር ይወዳሉ።

ለማበላለጥ መጨረሻው ላይ «ኧር» አትቀጥሉበት። ፊቱ ላይ «ሞር» አድርጉ። እንደ ተውሳከ ግስም ያገለግላል፣ ለምሳሌ ልጆቹ በደረጃው ሄረም-ስኬረም ወረዱ ሲባል። እንደ ስምም ያገለግላል፤ ሰውዬውን ራሱን «ኧ ሄረም-ስኬረም» ይሉታል። እነዚህን ስታነቡ ብትለዩዋቸው በቂ ነው። ስትጽፉ በቅጽልነቱ ተጠቀሙበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቃሉ ያረጀ ነው። ዛሬ ለንደን ውስጥ ያለ የ20 ዓመት ወጣት እምብዛም አይለውም። «ዋይልድ» ወይም «ኬኦቲክ» ይላል። ሄረም-ስኬረምን የምታገኙት በድሮ ልብ ወለድ፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች አንደበት፣ አንዳንዴም ቋንቋ በሚወድ ጋዜጠኛ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ይህ እንዳትጠቀሙበት አያደርግም። የአያቶች ቃል ቤት እንደሚያሞቅ ሁሉ ይህም ጽሑፍ ያሞቃል። ግን በጓደኞቻችሁ የስልክ መልእክት ውስጥ ብትከቱት ግር ይላቸዋል።

ደረጃ 5፦ ከጎረቤቶቹ ለዩት

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው።

ከሬክለስ እንጀምር። ይህ ቃል በጣም ያስደስተኛል፤ ምክንያቱም አሠራሩ ከአማርኛው ጋር አንድ ነው። «ሬክ» የድሮ እንግሊዝኛ ነው፤ ማሰብ፣ ግድ ማለት። «ለስ» የሌለው ነው። ሬክ-ለስ፣ ግድ-የለሽ። ሁለት የማይገናኙ ሕዝቦች አንድ ዓይነት ቃል ገጣጠሙ። ሲጻፍ ግን የሚጀምረው በአር ነው። «ሬክ» የሚባል ሌላ ቃል አለ፣ በደብልዩ የሚጀምር፤ የተሰበረ መኪና ወይም የሰመጠ መርከብ ማለት ነው። ሁለቱን ብዙ እንግሊዛውያንም ያምታቷቸዋል።

ሬክለስ ሰው አደጋውን ያውቃል። አውቆ ይረግጠዋል። ልዩነቱ ይህ ነው። በፈረንጆች 1962 የወጣው የአሜሪካ ሞዴል (አርአያ) የወንጀል ሕግ ሬክለስ ለመባል ሰውዬው ከባድና ምክንያት የሌለው አደጋ መኖሩን እያወቀ ችላ ማለት አለበት ይላል። ሳያውቅ ከሆነ፣ ግን ማወቅ ከነበረበት፣ ሌላ ስም ይሰጠዋል፦ «ኔግሊጀንት»። እኛ ጋ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 59 ሁለቱንም በአንድ ቃል ነው የያዘው፤ ቸልተኝነት። አደጋ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ የገባውም፣ ማወቅ ሲገባው ያላወቀውም ቸልተኛ ነው። ስለዚህ የሕግ ጽሑፍ የምትተረጉሙ ሰዎች ሬክለስን ቸልተኛ ብቻ ብላችሁ አትለፉት። «አደጋውን እያወቀ» የሚለውን ጨምሩበት።

«ዴቭል-ሜይ-ኬር» ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ሰይጣን ከፈለገ ያስብበት፣ እኔ ምን ገዶኝ እንደ ማለት ነው። አማርኛ ለዚህ የሰላ አባባል አለው፦ ያበጠው ይፈንዳ! ይህ ሰው አይቻኮልም። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እያፏጨ ነው የሚሄደው። ሄረም-ስኬረም ይሮጣል፣ ይደናቀፋል። ይህኛው አይደናቀፍም፤ ቢደናቀፍም አይገደውም።

«ሃፒ-ጎ-ላኪ» ከዚህም ይለሰልሳል። የከተማ ልጆች «ፈታ ያለ» የሚሉት ነው።

«ፉልሃርዲ» አጉል ደፋር ነው። ሞኝና ደፋር የሚሉ ሁለት የድሮ ፈረንሳይኛ ቃላት ተጣብቀው የወጣ ነው። እኛ «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» እንላለን። ፉልሃርዲ ግን መውጫ ያጣው ደፋር ነው። ክረምት ሞልቶ የሚያገሳ ወንዝ አይቶ «እኔ እሻገረዋለሁ» የሚል ሰው ፉልሃርዲ ነው።

«ካቫሊየር» ውስጥ ንቀት አለ። በፈረንጆች 1642 በተጀመረው የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት የንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ደጋፊዎች ካቫሊየር ይባሉ ነበር። ፈረሰኛ ባላባት ነው ስሙ። ባላንጦቻቸው እብሪተኛ አድርገው ያዩዋቸው ስለነበር ያ ቀለም በቃሉ ላይ ቀረ። ዛሬ አንድ ኃላፊ የሠራተኞቹን ደህንነት ከቁም ነገር ሳይቆጥር ቢቀር ካቫሊየር ነው ይባላል። የኛ «ማን አለብኝ ባይ» ይጠጋዋል። ለልጅ በጭራሽ አይሆንም።

«ጋንግ-ሆ» ታሪኩ ሩቅ ይወስዳል። ቃሉ ቻይንኛ ነው። የቻይና የኢንዱስትሪ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ስም አጠር ሲል «ጎንግ ሄ» ይባል ነበር። ኢቫንስ ካርልሰን የተባለ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር መኮንን ቻይና ሳለ ሰማው። «አብሮ መሥራት» የሚል መንፈስ ወስዶበት በፈረንጆች 1942 ለሚመራው የሬይደር ሻለቃ መፈክር አደረገው። ከጦሩ ወጥቶ ሕዝብ ጋ ሲደርስ ትርጉሙ ተንሸራተተ። ዛሬ ወኔው ፈልቶ «እንሂድ እንሂድ» የሚል ሰው ነው። ሳያመዛዝን ለሚገባም ይባላል። ጥድፊያው ከሄረም-ስኬረም ጋር ያመሳስለዋል። ግን ጋንግ-ሆ ዓላማውን አይረሳም፤ እንዲያውም ከዓላማው ሌላ አይታየውም።

«ስላፕዳሽ» ለሥራ እንጂ ለሰው ጠባይ እምብዛም አይውልም። ግድግዳ ቀለም ሲቀባ መስኮቱንም አብሮ የቀባ ሠራተኛ ሥራው ስላፕዳሽ ነው። የግብር ይውጣ ሥራ ብትሉት ሩቅ አይሄድም፤ እንግሊዝኛው ግን ጥድፊያውን ያጎላል።

ደረጃ 6፦ የማይገባበትን ቦታ ለዩ

ደንቡ አንድ ነው። ሰው የሚጎዳበት ነገር ካለ ሄረም-ስኬረም አይባልም። ለስላሳ ቃል በከባድ ነገር ላይ ማስቀመጥ ጉዳቱን መካድ ይሆናል።

በተለይ መንገድ ላይ። ዋሽንግተንና ሰሜን ቨርጂኒያ አካባቢ ብዙ ወገኖቻችን ታክሲና ኡበር እየነዱ ይኖራሉ። እዚያ «ሬክለስ» የተራ ወሬ ቃል አይደለም፣ የክስ ስም ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈ ሰው ሬክለስ ድራይቪንግ ተብሎ ይከሰሳል። የተፈቀደው ምንም ይሁን ምን በሰዓት ከ85 ማይል በላይ የነዳም እንዲሁ። 85 ማይል ወደ 137 ኪሎ ሜትር ነው። በፈረንጆች እስከ 2020 አጋማሽ ድረስ ወሰኑ 80 ነበር። ይህ ከተራ የትራፊክ ቅጣት የተለየ ነው። የወንጀል ጉዳይ ነው፤ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል ይችላል፤ መንጃ ፈቃድም ሊታገድ ይችላል። «ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ» የሚባል ቀለል ያለ ጥፋት አለ፤ መቀጮው ከ500 ዶላር አይበልጥም። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት ለአንድ ሾፌር የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ፍርድ ቤት ለዘመድ የምታስተረጉሙ ከሆነ አንድ ነገር አደራ። ሬክለስ ድራይቪንግን «ግድ የለሽ አነዳድ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ሰሚው የምክር ቃል ይመስለዋል። «አዎ፣ ትንሽ ግድ የለሽ ነበርኩ» ብሎ ሊመልስ ይችላል፣ በቅን ልቡ። የክሱን ስም እንዳለ ጥሩለት፣ ከዚያ «ይህ ወንጀል ነው፣ ሊያሳስር ይችላል» ብላችሁ አስረዱት። ጠበቃና የፍርድ ቤቱን አስተርጓሚ መጠየቅ ደግሞ ይቅደም።

እንግሊዝ አገር ለምትኖሩ ስሙ ሌላ ነው። በፈረንጆች 1991 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ ሬክለስ የሚለውን አንስቶ «ዴንጀረስ ድራይቪንግ» በሚለው ተክቶታል። አደገኛ አነዳድ ማለት ነው። አሜሪካ የተማራችሁትን ቃል ለንደን ፍርድ ቤት ይዛችሁ አትግቡ።

ከሕግ ውጪም የማይገባባቸው ቦታዎች አሉ። የሥራ ማመልከቻ ላይ ስለ ራሳችሁ አትጻፉት። አሠሪው ፈገግ ይል ይሆናል፣ ይቀጥራል ማለት ግን አይደለም። ስለ አለቃችሁም አትበሉት። ስለ ሐኪም፣ ስለ መድኃኒት አሰጣጥ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ሥራ ስትጽፉም አይሆንም። እዚያ «ኬርለስ» (ጥንቃቄ የጎደለው) በሉ፣ ከባሰም ሬክለስ።

ደረጃ 7፦ በደብተር ተለማመዱ

እኔ የተጠቀምኩበትን ዘዴ ልንገራችሁ። ደብተር ያዙ። የምታውቁትን አንድ ሰው አስቡ፤ ስሙን መጻፍ አያስፈልግም። በአማርኛ ያደረገውን አንድ ነገር በሦስት መስመር ጻፉ። ቅጽል አትጠቀሙ፣ ድርጊቱን ብቻ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አደጋውን ያውቅ ነበር? ማን ይጎዳ ነበር? እኔስ ሳየው ሳቅሁ ወይስ ተናደድኩ?

አውቆ ከሆነና ሌላ ሰው የሚጎዳ ከሆነ ሬክለስ ነው። አውቆ፣ ራሱን ብቻ የሚጎዳ ከሆነ ፉልሃርዲ ሊሆን ይችላል። ሌሎችን ንቆ ከሆነ ካቫሊየር። ሳያውቅ፣ ማንም ሳይጎዳ፣ እናንተንም ፈገግ አሰኝቶ ከሆነ ሄረም-ስኬረም ትክክለኛ ቃሉ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። መዝገበ ቃላት ውስጥ መልሱ የለም፤ ከራሳችሁ ነው የሚመጣው። የመምህርቷን ወረቀት ሁለተኛ ሳነበው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥያቄ ጠየቅሁ። ከቃሉ በፊት «ደግ» የሚል አለ። ከቃሉ በኋላ ደግሞ «ክፍሉ ያለሱ ጭር ይላል» የሚል መስመር አለ። መጀመሪያ ሳነበው አልፌው ነበር። አንድ ቃል ሲከብዳችሁ ከግራና ከቀኙ ያለውን አንብቡ።

ወደ እትዬ ተመለስኩ። በረንዳ ላይ ቡና እያፈሉ ነበር። «እትዬ፣ ትናንት አሳስቻለሁ» አልኳቸው። «መምህርቷ ያሉት ቀዥቃዣ ነው፣ በፍቅር።»

ጀበናውን አስቀመጡ። «ቀዥቃዣ?» አሉ። ፊታቸው በራ። «ታዲያ እውነቷን ነው! እናቱም እንዲህ ነበረች!» ልጁን ጠሩት። ከጓሮ እየሮጠ መጣና የረከቦቱን ጠርዝ ሊመታ ሲል በእጃቸው ያዙት። ፀጉሩን ዳበሱለት።

ከዚያ መልስ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። «እግዜር ይስጥልኝ በላት። እኔም እንደሷ ነው የምወደው። ቀልቡን ብቻ ትሰብስብልኝ በላት።»

ቀልብ መሰብሰብን ወደ እንግሊዝኛ ለማምጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ትኩረት ብል ጠበበ። ልብ ብል ሌላ ሆነ። በመጨረሻ «ሄልፕ ሂም ሴትል» ብዬ ጻፍኩ፣ እንዲረጋ እርዱልን። ከታች እትዬ በአማርኛ ፈረሙበት፣ ልጁም አጠገባቸው የራሱን ስም ጻፈ፤ ከቸኮለ ብዛት የመጨረሻዋን ፊደል ሳይጨርስ።